ድጋሚ ቅጂ

አርባ ሦስት ዘፈኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ተገኝተዋል ይላል ኮምፒዩተሩ። ሴትዮዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ፣ የሚጠፋው ቅጂ አጠገብ አንድ በአንድ ምልክት እያደረገች ነው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሰው ናት፤ ድጋሚ ቅጂ ስታይ ደሟ ይፈላል።

ባሏ መሰላል ላይ ነው። ከኮምፒዩተሩ እስከ ኩሽናው ስፒከር ድረስ በጣሪያው ጥግ ገመድ እየዘረጋ፣ ምስማር በጥርሱ ነክሶ ያወራል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬም ገመድ ሲያይ ልጅ ይሆናል።

«ሳይጨመቅ ነው የቀዳሁት» ይላል፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እሱም አያውቀውም። «ሌላው ሰው ፋይሉ እንዲያንስለት ብሎ ድምፁን ይቆራርጠዋል። እኔ አንዲት ትንፋሽ አላስቀረሁም! ከዚህ ወደ ሳሎን፣ ወደ ኩሽና፣ ወደ ስልክሽ ደግሞ ያለ ገመድ። ሽንኩርት እየከተፍሽ ሙሉውን ዘፈን ትሰሚያለሽ።»

«ሽንኩርቱን የምትከትፈው አንተ ነህ።»

የተጋቡት ከስምንት ወር በፊት ነው፤ እሱ ሚስቱ ሞታበት፣ እሷ ብቻዋን ኖራ ኖራ። እሷም የሙዚቃ ሸክላዎቿን ተሸክማ መጣች፣ እሱም የራሱ ነበረው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ሸክላ ተደርድሮ ሰው የት ይተኛ? ሦስት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንድ በአንድ እያጫወቱ ወደ ኮምፒዩተሩ ቀዱት። ሸክላዎቹን ባለፈው ሳምንት አንድ ሰብሳቢ መጥቶ ወሰዳቸው። አሁን ያለው ማሽኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ምልክቱን ስታደርግ አላዳላችም። ሁለቱንም ቅጂ እየከፈተች ሰምታለች፤ የሷ ጥርት ያለ ነው፣ የሟች ሚስቱ ይንሿሿል፣ ይንጣጣል፣ ይዘላል። ሟቿ ሸክላ የምታጫውተው ላዩ ላይ እየጨፈረች ነበር እንዴ? እንግዲህ አርባ ሦስቱም የሟች ቅጂዎች ለመጥፋት ቢሰለፉ የማን ጥፋት ነው? እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሏታል፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፍሯታል። በዚህ ቤት መጋረጃው የሟች ምርጫ ነው፣ ድስቱ የሟች ነው። በአንድ ነገር እንኳ የኔ ይቅደም ብትል ምን ኃጢአት አለው?

«ለዘለቄታው ይጥፉ? አዎ፣ አይ» የሚል ሳጥን ብቅ ይላል። ጣቷ «አዎ» ላይ ሊያርፍ ሲል ባሏ ከመሰላሉ ወርዶ እጁን በሱሪው ይጠርጋል።

«እስቲ ቆዪ፣ መጀመሪያ እንሞክረው። ያንን የበሩን ዘፈን ክፈቺልኝ።»

የራሷን ቅጂ ትከፍታለች። ሳክስፎኑ ከሳሎንም ከኩሽናም እኩል ይነሳል። «ሰማሽው? ሰማሽው?» ይላል ባሏ፣ ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ከዘፋኙ ጋር ያዜማል። ድምፁ አያምርም፤ ግን አያፍርበትም።

«በሩን ክፍት ተይው፣ እመጣለሁ...»

ዘፋኙ ገና «ቀስ ብዬ» እያለ ነው። ባሏ ቀድሞት ሄዷል። ዓይኑን ይገልጣል፣ ይደናገራል፣ እንደምንም ይደርስበታል። እሷ ወደኋላ መልሳ ታጫውተዋለች። አሁንም እዚያችው ቦታ ላይ ይቀድመዋል።

«ለምንድነው የምትዘለው?»

«ምኑን?»

«‹በሩን ክፍት ተይው፣ ቀስ ብዬ እመጣለሁ› ነው እኮ የሚለው።»

«ቀስ ብዬ ይላል እንዴ?» ይስቃል። «ወይ ጉድ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስዘፍነው! እኔ እኮ ሰውየው እየሮጠ የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ።»

ሳቁ መሐል ላይ ይቆማል። ለምን እንደሆነ ለሁለቱም እኩል ነው የገባቸው። የሟች ሸክላ እዚያች ቦታ ላይ ተጭሯል፤ መርፌው እየዘለለ «ቀስ ብዬ»ን አልፎ ይሄድ ነበር። በዚህ ቤት ሁለት ሰዎች ያንን ዘፈን ሃያ ስድስት ዓመት የዘፈኑት ከነጭረቱ ነው።

ባሏ ኮምፒዩተሩን ያያል። አርባ ሦስቱ ምልክት ተደርጎባቸው ተሰልፈዋል፤ በየመስመሩ መጨረሻ የማን ቅጂ እንደሆነ ራሷ ጽፋበታለች፣ የመዝገብ ቤት ነገር። እስከ ታች ያነበዋል።

«አጥፊው» ይላል በመጨረሻ። «ያንቺ ይሻላል። ጥርት ያለ ነው።» ከልቡ ነው የሚለው፤ እንዳይከፋትም ብሎ ነው። መሰላሉን ለማጠፍ ይዞራል። ዕድሜ ልኩን ሲያጥፈው የኖረው መሰላል ዛሬ አልታጠፍ ይለዋል።

ልቧ አሁን ገና ይደነግጣል። አንድ የጣት ንክኪ ነበር የቀራት። «አዎ» ብላ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰውዬ ቀሪ ዕድሜውን ከዘፋኙ ጋር ሲጋጭ ይኖር ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ «ምን አደረግሽ» ሳይላት። ጀርባውን ታያለች፤ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል፣ ትከሻው ወርዷል። አንጀቷን ይበላታል።

«አይ» የሚለውን ትጫናለች። ምልክቶቹን ከአርባ ሦስቱም ታነሳለች። ከዚያ የሟችን ቅጂ ትከፍታለች።

ሳሎኑ ይንሿሿል፣ ይንጣጣል። ባሏ መሰላሉን እንደያዘ ዞር ይላል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድጋሚ አይደለም» ትለዋለች። «ሌላ ዘፈን ነው። ተወው መሰላሉን፣ ና እዚህ።»

ይመጣል። አጠገቧ ይቆማል። መጀመሪያ እየፈራ፣ ከዚያ ድምፁን ለቆ ያዜማል፤ እሷም ትከተለዋለች፣ ይህን ዘፈን እሷም ወጣትነቷን ሙሉ ዘፍናዋለች።

«በሩን ክፍት ተይው» ይላሉ ዘፋኙም፣ እሱም፣ እሷም። መርፌው ይዘላል፤ ባሏም ልክ በሰዓቱ፣ ተረከዙን ከመሬት አንስቶ፣ አብሮ ይዘላል። እሷ ብቻ «ቀስ ብዬ» እያለች ወደኋላ ትቀራለች።

ባሏ ዘፈኑን ያቋርጥና፣ እጁን ዘርግቶ እስክትደርስ ይጠብቃታል።