ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቁጣ

ኧረ ቆዩኝ፣ ሆዴን ልያዘው፤ ሳስበው ገና ሳልጀምር ያስቀኛል። ዋናው ጉድ ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው፤ እስከዚያ ጓድ ወርቅአገኘሁን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጓድ ወርቅአገኘሁ በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከገበሬው እህልና ሱፍ የሚሰበስብ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበር። ካኪው ከመተኮሱ ብዛት ለብቻው ይቆማል። ሰው ሲያናግር አገጩን ሽቅብ ስለሚያነሣ፣ የሚቆጣው ሰውየውን ይሁን ኮርኒሱን አይለይም። ማንንም አይፈራ፤ አዲስ አበባ ያለውን አለቃውን ጓድ ዘርአ ዳዊትን ብቻ እንጂ። እሱንም ቢሆን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ የሚያውቀው በስልክ ነው።

ስልኩ ታዲያ መከራ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ለየክፍሉ፣ ለመጋዘኑም ለሾፌሮቹም ሳይቀር፣ አንዳንድ ስልክ ተዘርግቷል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ግን አንድ ብቻ። ኦፕሬተሯ አልታየች በረንዳው ጫፍ ካለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ገመድ ስትነቅል፣ ገመድ ስትሰካ ትውላለች። መዘዞ ይጠራል፣ እነዋሪ ይጠራል፣ ጎረቤላ ይጠራል፤ ሁሉም በዚያችው አንድ ክር። አዲስ አበባን የፈለገ ጠዋት ተሰልፎ ማታ ሳያገኝ ይመለሳል።

ጓድ ወርቅአገኘሁ በዚህ ይንጨረጨር ነበር። "መስመሩን ለማን ነው የምታስቀምጪው? አሻጥር ነው ይኼ" እያለ ልጅቱን ሲያንቀጠቅጣት ከረመ።

አንድ ቀን ግን ነገሩ ቀለለ። "አዲስ አበባን" ሲል፣ ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ አዲስ አበባ "ሃሎ" ይላል። ድምፁ ኩልል ያለ። ሌላው አሁንም ይሰለፋል፤ ለእሱ ወረፋ የሚባል ቀረ።

"ማንነቴን አወቀች" አለ አገጩን አንሥቶ።

የጓድ ዘርአ ዳዊት ጠባይ ግን አይጨበጥም። ሰኞ ድምፁ ወፍሮ ያጓራል፤ ማክሰኞ ቀጥኖ እንደ ዲያቆን ያዜማል። አንድ ቀን እንዲያውም በቁጣው መሃል "ወላሂ" አለ። ጓድ ወርቅአገኘሁ ይህን ለሚስቱ ለይመኙሻል ሲያወራ፣ "አየሽ፣ ትልቅ ሰው ማለት ይኼ ነው። ከሰፊው ሕዝብ ጋር የተዋሐደ" አላት።

"ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጉሮሮ ገባ በለኛ" አለችና ወጧን አማሰለች።

ችግሩ፣ ጓድ ዘርአ ዳዊት ሁሉን ያውቃል።

"አንተ፣ የመዘዞ ገበሬዎች ለሠራተኛው የላኩትን በግ ቤትህ ወስደህ በልተሃል።"

"ጓድ፣ ስህተት ነው፣ አርማለሁ" ይላል ጓድ ወርቅአገኘሁ፣ ቆሞ፣ ለስልኩ እጅ እየነሣ።

"ከኪስህ ግዛና አሳርድ። ሁለት ይሁን፤ አንዱን ክርስቲያን ይረደው፣ አንዱን ሙስሊም። ደግሞ መጋዘኑ ይበርዳል፣ ከሰል ይግባለት። ቅዳሜም ከሰዓት በኋላ ሰው አታስመሽ።"

ሁለት በግ አሳረደ። ከሰል አስገባ። ቅዳሜንም ፈታ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ማሰቡ እየደነቀው፣ እንቅልፍ ግን አጣ። እሱ ያስነጠሰውን አዲስ አበባ የሚሰማ ከሆነ፣ በዚህ ግቢ ጆሮ ጠቢ አለ ማለት ነው። ጆሮ ጠቢው ቀድሞ ካልተያዘ ደግሞ ወንበሩ ሄደች።

መጋዘን ጠባቂውን ወልደ ሰንበትን አስጠራው፤ የቄስ ልጅ ነው፣ መሬት መሬት ያያል።

"ከዚህ ግቢ ለአዲስ አበባ ወሬ የሚያወጣው ማን ነው?"

"ከዚህ ግቢ የወጣ ወሬ የለም፣ ጓድ። በአባቴ ቅስና።"

ሾፌሩን ያሕያን አስጠራው፤ የአልዩ አምባ ሰው፣ ሳቅ የሚቀድመው።

"አዲስ አበባ ዘመድ አለህ?"

"እንኳን አዲስ አበባ፣ ሸኖም የለኝ።"

"ምን ያስቅሃል?"

"ብርዱ ነው፣ ጓድ። ጥርሴን እያስከፈተኝ።"

እነዚህ ሁለቱ ከሸዋ ሜዳ ወዲያ ለመስማትም የሚበቁ አልመሰሉትም። የቀረው ግልጽ ነው፤ መስመሩ በማን እጅ ነው? እየተንደረደረ ወደ አልታየች ገባ።

"ወደ አዲስ አበባ ወሬ የምታደርሺው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ወደ አዲስ አበባ አንድም ቃል አድርሼ አላውቅም፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ።"

"ለአብዮት ጥበቃ ትነግሪያቸዋለሽ።"

የልጅቱ ከንፈር አመድ መሰለ። በዚያ ዘመን አብዮት ጥበቃ የወሰደው ሰው ራቱን ከቤቱ አይበላም፤ አንዳንዱም ዳግመኛ ራት አያምረውም። ጥበቃዎቹ እስኪመጡ ዘበኛው በሯ ላይ እንዲቆም ታዘዘ።

"አሁን ጓድ ዘርአ ዳዊትን አገናኚኝ። ፈቃዱን ልቀበል። የመጨረሻ ሥራሽ ይህች ናት።"

ገመዱን አነሣች። ሁለት ጊዜ ሳተች፤ በሦስተኛው ሰካችው።

ጓድ ወርቅአገኘሁ ወደ ቢሮው ተመልሶ፣ የካኪውን ቁልፍ ሁሉ ቆልፎ እጀታውን አነሣ። አዲስ አበባ እንደ ልማዱ ወዲያው "ሃሎ" አለ።

"ጓድ ዘርአ ዳዊት፣ ጆሮ ጠቢዋን ያዝኳት። ኦፕሬተሯ ናት፣ አልታየች። አሁኑኑ ላስወስዳት ነው፤ ፈቃድዎን።"

እጀታውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

መስመሩ የደከመ መሰለው። እግሩን አንፈራጦ፣ የመስኮቱ መስታወት እስኪንቀጠቀጥ አንባረቀ፤ "አልታየችን ላስወስዳት ነው፣ ጓድ። ይሰማል?"

ከአዲስ አበባ ረጅም ትንፋሽ መጣ፤ ቀጥሎም ቃል።

"ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ አልታየችን ይተዉአት፤ ደግሞ እንዲህ አይጩኹ፣ በስልኩም በግድግዳውም ነው የምሰማዎት።"