የጁምዓ ዕረፍት

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ሠላሳ።»

«ሃያ ዘጠኝ፣ አሰልጣኝ።»

ሴቶቹ አንድ ዙር ሮጠው በቆሙ ቁጥር ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ ያሳርፉና የአስር ሰከንድ የልብ ምታቸውን ቆጥረው በተራ ይጠራሉ። አሰልጣኝ ኸሚስ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ ያስቆጥራቸዋል፤ ቶሎ የሚረጋ ልብ የጠንካራ ሯጭ ነው። በዚህ ቆጠራ ሀውራን የሚያህል አልነበረም። አልነበረም ነው እንግዲህ።

ዛሬ ሀውራ ከሜዳው ዳር፣ ሐይቁ ቁልቁል ከሚታይበት ግራር ሥር ተቀምጣለች። ያስቀመጣት ዝናው ነው። ዝናው ደሴ ሆኖ ስለ ሯጮች ሰውነት የሚያጠና ልጅ ነው፤ ገና ተማሪ ነኝ ብሎ ቢምል ቢገዘትም ሴቶቹ «ዶክተር» ከማለት አልተመለሱም። ባለፈው ሳምንት የሁሉንም ደም ሁለት ጊዜ ወስዷል፤ ሐሙስ ከረጅሙ ሩጫ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አርብን አርፈው ካደሩ በኋላ።

ሀውራ ውጤቱን በጉጉት ነበር የጠበቀችው። ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷ እየተበላሸ፣ እግሯ ድንጋይ እየሆነባት ከርማለች። የክለቡ ማጣሪያ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ያላለፈች ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። በሃያ ሰባት ዓመቷ ደግሞ ሌላ ክለብ አይቀበላትም። በሽታ ነው ከተባለ መድኃኒት አያጣም፣ ብላ ተስፋ አድርጋለች። ሰው አንዳንዴ ታመሻል እንዲሉት ይመኛል።

«ስትሮጪ ሰውነትሽ ውስጥ እሳት ይነዳል በይው» አለ ዝናው። «አየሩን የምትስቢውም ለሱ ነው። እሳት ደግሞ ፍንጣሪ አለው፤ ፍንጣሪው ሥጋሽን ይበሳዋል። ይሄ ማንም ሯጭ ላይ አለ፣ ክፋት የለውም። ሰውነት የተበሳውን የሚጥፍበት የራሱ መላ አለው፤ በደንብ ከሠራሽ መላውም አብሮ እየበረታ ይሄዳል። ግን የሚጥፈው ስታርፊ ነው።»

«እሺ።»

«የጓደኞችሽ ደም የሐሙሱን ጉዳት ቅዳሜ አራግፎታል። ያንቺ...» ወረቀቱን አዞረላት። «ቅዳሜም እንደ ሐሙሱ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። አርፈሽ ሳለ የሮጥሽ ይመስላል።»

ይሄኔ የሀውራ ፊት በራ። «ሮጬ ነዋ» አለች።

ጁምዓ ጁምዓ እናቷን ልትጠይቅ ከከተማው በላይ ወዳለው አርዲቦ ትሄዳለች። ኸሚስ በዚህ ያመሰግናታል፤ እናት መጠየቅን ከሀውራ ተማሩ ይላቸዋል ሌሎቹን። በባጃጅ የምትሄድ ነበር የሚመስለው። እሷ ግን ከከተማው ወጣ እንዳለች ከቱታዋ ላይ የደረበችውን ቀሚስ አውልቃ በፌስታል ትቋጥርና ሽቅቡን በሩጫ፣ ስትመለስም ቁልቁሉን በሩጫ። እነሱ ሲያርፉ እኔ እቀድማቸዋለሁ ባይ ናት።

«እንዲያ ከሆነማ ይሄ አይቆጠርም፣ አይደል ዶክተር? ሳላርፍ ነው የተወሰደው። እንደገና ይውሰዱልኝ። የፊታችን ጁምዓ ወላሂ ካልጋ አልወርድም።»

ዝናው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «የሮጥሽው ያንን አርብ ብቻ ነው?»

ውሸቱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ደሟ በሰውየው እጅ ነው፤ ምን ዋጋ አለው። «ሁሉንም» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት አልፎታል። ዘንድሮ ሰዓቴ ሲበላሽብኝ ደግሞ እሑድ ከሰዓትንም ጨመርኩ።»

«ታዲያ መቼ ነው የምታርፊው?»

«ለሁለቱ ዒድ።»

ኸሚስ ከኋላቸው መጥቶ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሰማ አላወቁም። አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻላት።

«እኔ እኮ ለናትሽ ሰላምታ እልክብሽ ነበር» አለ።

«አደርስ ነበር፣ አሰልጣኝ። አንድም ቀን አላስቀረሁም።»

ሀውራ ወደ ዝናው ዞረች። «ኪኒንስ? ቫይታሚን ምናምን የሚባለው?»

«ኪኒን የዕረፍትን ቦታ አይተካም። ስድስት ወር ማረፍ አለብሽ፣ ምናልባትም ዓመት። ከዚያስ ወደ ድሮሽ ትመለሻለሽ ወይ ብትዪኝ፣ ቃል አልገባልሽም።»

«ያለኝ ዘጠኝ ቀን ነው።» ይህን ያለችው ለኸሚስ ነው። «ልሩጣት፣ አሰልጣኝ። ማጣሪያዋን ብቻ። ከዚያ የፈለገው ይሁን።»

ኸሚስ ደብተሩን ዘጋ። «ይሄን ሰምቼ እንዴት ብዬ ላሩጥሽ?» አለና ወደ ሜዳው ተመለሰ። ዝናውም «አይዞሽ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ሰጣት። ሀውራ ወረቀቱን ጫማዋ ሥር አደረገችው።

ፊሽካው ለመጨረሻው ዙር ተነፋ። ሀውራ ብድግ አለች፤ እግሯ ነው ያነሳት። ሴቶቹ አልፈዋት ሲሄዱ ትንፋሿ ከነሱ ትንፋሽ ጋር ይወጣል፣ ይገባል። ከታጠፉ በኋላ ተቀመጠች።

ጨርሰው መጡ፣ ጎንበስ ብለው ተነፈሱ፣ ሁለት ደቂቃዋ ሞላች። ኸሚስ በዝርዝሩ ተራ መጥራት ጀመረ።

«ረቢያ።»

«አስራ ስምንት።»

«ለተብርሃን።»

«አስራ ሰባት።»

ከለተብርሃን ቀጥሎ ሀውራ ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ሳታስበው ሁለት ጣቷ አንገቷ ላይ ወጥቷል፤ ቆጥራም ጨርሳለች። ግራሩ ሥር ከተቀመጠች ግማሽ ሰዓት አልፏታል። አስራ ዘጠኝ። ለመጥራት አፏን ከፈተች።

ኸሚስ እስክሪብቶውን ስሟ ላይ አሳረፈና ወደሚቀጥለው ስም ዝቅ አደረገው።

«ኢንሳፍ» አለ።