እሳት ያልነካው ጭቃ

ከተማው ለአደባባዩ ሐውልት የሚሠሩ ቀራፂዎችን ሲጋብዝ፣ ሐውልቶቹ እሳት ካልነካው ጭቃ ይሠሩ፣ ዝናብም ያፍርሳቸው የሚለውን ደንብ የጻፈችው በማዘጋጃ ቤቱ የምትሠራው እሷ ናት። አባቷም ለአንዱ ቀራፂ ሞዴል ሆነው የተቀመጡት በእሷ ጉትጎታ ነበር። «የእኔን ፊት አይቶ ሕፃን ቢያለቅስ፣ የምታባብዪው አንቺ ነሽ» ብለዋት ነበር።

በመጀመሪያው ዝናብ የአባቷ ሐውልት የቀኝ እጅ ጣቶች ሟሙ። ያን ዕለት ምሳ ላይ አባቷ ማንኪያ መያዝ አቃታቸው። «ዕድሜ ነው፣ ተይኝ» አሏት። በሁለተኛው ዝናብ የሐውልቱ ግራ ጆሮ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ አባቷን በግራ በኩል ቢጠሯቸው አይሰሙም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ሥራዋን ጥላ ወደ አደባባዩ በረረች። ቀራፂው ጃንጥላ ይዞ ሐውልቱ አጠገብ ቆሟል።

«እህቴ፣ መሸፈን ክልክል ነው። ደንቡን ራስሽ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?» ብሎ ሳቀባት።

«ደንቡ ገደል ይግባ!»

ሐውልቱን ከራሱ እስከ ወገቡ በላስቲክ ጠቅልላ በገመድ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ዝናቡ ወረደ። ከላስቲኩ ሥር ያለው ጭቃ አልረጠበም። እፎይ አለች።

ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው።

«ኧረ ድረሽ ልጄ! አባትሽ ‹ፊቴን የሸፈነኝን ነገር አንሱልኝ፣ ታፈንኩ› እያለ ይጮኻል። ፊቱ ላይ እኮ ምንም የለም!»