የቅዳሜ እንጆሪ

በመንገዱ ጫፍ ላውንደሪ የከፈተው ሰውዬ ሁለት ወር ሙሉ ዝንብ እሽ ሲል ከረመ። በሦስተኛው ወር የደግነት ዛር ያዘው መሰል፣ በየቤቱ እያንኳኳ ከእንጨት የተሠራ የወፍ መመገቢያ በነጻ ማደል ጀመረ።

እህትማማቾቹ ቤት ሲደርስ በሩን የከፈተችለት ታላቂቱ ነበረች። ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ያለ ትኬት የተሳፈረውን ገና ከአንገቱ አያያዝ ትለየዋለች። የሰውዬው አንገት ደግሞ አላማራትም።

«ወፍ የግቢ ሞገስ ነው፣ እትዬ» አለ። ዓይኑ ግን በትከሻዋ አልፎ ጓሮ ገብቷል። ጓሮ ውስጥ ታናሽ እህቷ ነጫጭ ጋውኖቿን እያሰጣች ታንጎራጉራለች። ታናሿ ነርስ ናት፤ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አላገባችም።

«እህትዎ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው ጓሮ የሚወጡት?»

«አንተ ምን ቤት ነህ?»

«ኧረ ለወፎቹ ብዬ ነው! ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከእህሉ ጋር እንጆሪ ጣል አድርጉላቸው። ነፍሳቸው ነው።»

መስቀያውንም ራሱ መረጠ፤ ከጓሮው ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ልክ ታናሿ ከቆመችበት በላይ።

ወፎቹ መጡ። እንጆሪውን ከቀመሱ በኋላማ የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ መጣ። ታናሿ እንደ ሕፃን ተደሰተች። ታላቂቱ ግን እህል አልወርድ አላት። ሰውዬው ዓይኑን እህቷ ላይ ጥሏል፤ እህቷ ካገባች ደግሞ ያ ሁሉ ቤት ለእሷ ብቻ ሊቀር ነው። ራት ላይ የምትነተርከው ሰው እንኳ አይኖራትም። ብቻዋን መቅረት ትፈራለች፤ ይህን ግን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

ሰኞ ታናሿ ጋውኖቿን ጠቅልላ ልትወጣ ስትል በር ላይ ያዘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ላውንደሪ።»

«ቅዳሜ አይደል እንዴ ያጠብሻቸው?»

«ቆሸሹ እኮ፣ እትዬ።»

«እቤት ሳሙና ጠፋ?»

«በሳሙና አይለቅም። እሱ ግን እጁ የተባረከ ነው።»

እጁ! ከዚህ ሁሉ ንግግር ታላቂቱ ጆሮ ውስጥ የቀረው ይኸው ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞም ሄደች። በሦስተኛው ሰኞ ደግሞ ሁለት ሰዓት ቆይታ ተመለሰች።

«ወረፋ ነበረ» አለች።

ታላቂቱ በሆዷ ሳቀች። ዝንብ እሽ በሚባልበት ቤት ወረፋ!

በአራተኛው ሰኞ ታናሿ ከወጣች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ታላቂቱ ተከተለቻት። ላውንደሪው በር ላይ ጥቅል የታቀፉ ጎረቤቶች ተኮልኩለዋል። ሰላምታ የሰጣት ቢኖርም አልሰማችም። ሁሉንም እየገፈተረች ባንኮኒው ጋ ደረሰችና በቡጢ መታችው።

«እህቴን ከፈለግካት እንደ ሰው ፊት ለፊት ተናገር! ወፍ አትላክ!»

ሰውዬው አፉን ከፈተ። «እህትዎን? እኔ? እትዬ፣ እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ! የሦስት ልጆች አባት!»

ከወረፋው መሀል ታናሿ በጋውኗ ፊቷን ሸፈነች። «አንቺ እትዬ! ምን ጉድ አመጣሽብኝ!»

ታላቂቱ እፍረቱም እፎይታውም አንድ ላይ መጣባት፤ እፎይታው በለጠ። እህቷ የትም አትሄድም። በደስታ ሰውዬውን ልትስመው ምንም አልቀራት።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ክፉ አስቤብህ ነበር።»

«ኧረ ምንም አይደል! ወፎቹስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እንጆሪው ብቻ አለቀባቸው።»

ከባንኮኒው ሥር አንድ ከረጢት ሙሉ እንጆሪ አውጥቶ አስታቀፋት። የዚህን ያህል ደግ ሰው አይታ አታውቅም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አሁን የቀራት መውጣት ነው። በጎረቤቶቿ ፊት ማለፍ ግን አሳፈራት።

«በጓሮ በር ልውጣ» አለች።

«በጓሮ?» ሰውዬውን ላብ አጠመቀው። «በጓሮ እንኳን አይመችዎትም፣ እትዬ...»

እሱ ሳይጨርስ እሷ በሩን ከፈተችው።

ጓሮው ከዳር እስከ ዳር በተሰጣ ነጭ ልብስ ተሞልቷል፤ በየገመዱ ጫፍም ኮትና ባርኔጣ የለበሰ የወፍ ማስፈራሪያ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።