የመዝጊያው ጸሎት

«ጋሼ ኢታና፣ የዛሬው ባለተራ እርስዎ ነዎት፤ በጸሎት ይዝጉልን» ይላል የቤት ኅብረቱ መሪ ጌድዮን፤ መጽሐፍ ቅዱሱን አጥፎ አንገቱን ይደፋል። ሌሎቹም ይከተሉታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ቤት የሚዞረው ጸሎት ኢታና ዘንድ የደረሰው፣ ልጁ ወንጌል በተቀበረች በሰባተኛው ወር ነው።

ኢታና ይነሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ቆሞ ሲጸልይ ቃል ጎድሎበት አያውቅም። አሁን ግን የሚሰማው እንደሌለ ከቆረጠ ሰንብቷል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥንቷን በሚበላ ሕመም ስትጮህ እየሰማ ዝም ያለ አምላክ፣ ወይ ክፉ ነው፤ ወይ የለም። ክፉ ነው ከማለት የለም ማለት ቀለለው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ታደለች በየማለዳው ተንበርክካ ያያታል፤ የቀራትን አንድ ምርኩዝ በምን አንጀቱ ይነጥቃታል?

መዋሸቱም አልሆነለትም። ዝም ይላል።

ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት ባሕር ዛፉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከሶፋው ጥግ፣ ጆሯቸው የደከመው እማማ ክብረት ጸሎቱ የተጀመረ መስሏቸው «አዎ ጌታ፣ አሜን» ይላሉ። ጌድዮንም ቃል ያመለጠው መስሎት «አሜን» ብሎ ይከተላል። ወዲያው ቤቱ በሙሉ ያልተጸለየውን ጸሎት መቀበል ይጀምራል።

ኢታና ዓይኑን ይገልጣል። ሁሉም ራስ ተደፍቷል፤ ከአንዱ በቀር። ታደለች ከንፈሯ «አሜን» እያለ፣ ዓይኗ ተገልጦ እሱን ያያል።

በጫማዎችና በጉልበቶች መካከል በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ይሄድና አጠገቧ ይቀመጣል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታምኚው?» ይላታል፣ በአሜኑ ሁካታ ተከልሎ።

«ከሆስፒታሉ።»

«ታዲያ የማለዳው መንበርከክ?»

«ለአንተ ነው እንጂ። እኔ ከተውኩ የምትወድቅ መስሎኝ።»

«እኔ ደግሞ ይኸው ለአንቺ ብዬ በየእሑዱ ስዘምር…»

«አሜን፣ ተመስገን ጌታ» ይላሉ እማማ ክብረት፣ ከበፊቱ ጮክ ብለው።

ታደለች አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች፤ ሳቋ ግን በትከሻዋ በኩል ያመልጣታል። በስተግራዋ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ኡርጂ የምታለቅስ መስሏት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አይዞሽ እህቴ» እያለች ጀርባዋን ቸብ ቸብ ታደርጋታለች።