የጋሽ በርናባስ ትእዛዝ

«በግራ! ሚስባህ፣ በግራ ላክለት እንጂ!»

የጋሽ በርናባስ ድምፅ የጆሃንስበርጉን የትሮይቪል ሰፈር ሜዳ አናወጠው። ሚስባህ ኳሷን እግሩ ሥር አድርጎ ቀኝ ቀኙን ያይ ነበር፤ በዚያ በኩል ሜዳው ጭር ብሏል። ግን አሰልጣኝ ካዘዘ ምን ያድርግ ልጁ? ወደ ግራ ላካት። የተጋጣሚው ተከላካይ፣ ያ ረጅሙ ታባንግ፣ ኳሷ ሳትነሳ ቀድሞ እዚያው ቆሞ ጠበቃት።

ጋሽ በርናባስ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ቢሮ ተቀምጠው የሚውሉ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን የኮሌጁን የሐበሻ ተማሪዎች ቡድን ያሠለጥናሉ፣ ያን ጊዜ የሚችላቸው የለም። ዛሬ ካላሸነፉ ደግሞ ፍጻሜውን አያዩም፤ አቻ ቢወጡ እንኳ ተጋጣሚያቸው በነጥብ ይበልጣል። ሰዓቱ እያለቀ ነው፣ ጎል የለም።

በአማርኛ ማዘዝ የእሳቸው ዘዴ ነበር። «ጆሃንስበርግ ላይ ማን ይሰማናል? እንደ ልባችን እንጩህ!» ብለዋቸው ነበር ልጆቹን።

«እሺ፣ በመሐል! በመሐል ሰንጥቅለት!»

ታባንግ መሐሉን ዘጋው። ኳሷን ወደ ውጭ ጠለዛትና ወደ መስመሩ ዞሮ ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ። አንዳንዱ ያመልጠኛል።»

በጠራ አማርኛ! ጋሽ በርናባስ ክው አሉ።

«አንተ! ከየት አባህ አመጣኸው?»

«ቶኮዛ ሰፈር ነዋ ያደግኩት። ከቤታችን አጠገብ ያለው ስፓዛ ሱቅ የሐበሻ ነው። ዳቦ ግዛ እየተባልኩ ስድቡን ሳይቀር ተምሬያለሁ።»

ተመልካቹ በሳቅ አውካካ። ሚስባህ ግን አልሳቀም፤ ኳሷ ተፈልጋ እስክትመጣ ወደ አሰልጣኙ ሮጠ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና... አንዴ ዝም ይበሉልኝ።»

«ዝም? እኔ ዝም ካልኩ ማን ይመራችኋል?»

«አሥር ቁጥርን የሰጡኝ እርስዎ አይደሉም? ክፍቱን እኮ አየዋለሁ። ልልክ ስል ድምፅዎ ይቀድመኛል።»

ጋሽ በርናባስ ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው ሔራን ይህችን ነበር የምትጠብቀው። ከሜዳው በር ላይ የገዛችውን ማግዊኛ፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ፣ ግማሹን ገምሳ አጎረሰቻቸው።

«በሞቴ አባዬ!»

ጉርሻ ደግሞ አይተፋ ነገር።

ኳሷ ተወርውራ ሚስባህ ጋ ደረሰች። የግራውም የቀኙም አጥቂ መሮጥ ጀመረ። ታባንግ እንደ ልማዱ ጆሮውን ወደ መስመሩ ሰጠ። ምንም የለም። ምን ነካቸው ብሎ ዞር ቢል ጋሽ በርናባስ ሁለት ጉንጫቸው አብጦ፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ ትእዛዙ ሁሉ ጉሮሯቸው ላይ ተሰልፎ ቆመዋል።

ያቺ አንዲት ዞር ማለት በቃች። ሚስባህ ማንንም ሳይሰማ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ ኳሷን በጫማው ጫፍ ወደ ቀኝ ሰነጠቃት። የቀኙ አጥቂ ዑራኤል ከኋላ ደርሶ መረቡ ውስጥ ከተታት።

ሜዳው በእልልታና በፉጨት ተደበላለቀ። ታባንግ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ምነው ጋሼ፣ ሳይነግሩኝ?» አለ።

ጋሽ በርናባስ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ያኝካሉ።