የመምህሩ ተራ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ግብረ ገብ አስተምረዋል፤ አሁንም ያስተምራሉ። የድሮ ተማሪዎቻቸው በየመሥሪያ ቤቱ ስላሉ የትም ቢሄዱ "መምህሬ" የሚላቸው አያጡም።

የዚያን ቀን ጤና ጣቢያ የሄዱት ለወትሮው የደም ግፊት ክትትላቸው ነበር። ያለው አንድ ሐኪም ብቻ ስለሆነ ወረፋው ከኮሪደሩ አልፎ ግቢ ወጥቷል። ካርዳቸውን ይዘው ከኋላ ሊቆሙ ሲሉ አንዲት ነርስ ክንዳቸውን ያዝ አደረገቻቸው። ተማሪያቸው የነበረችው ወይንሸት ናት።

"መምህሬ፣ እርስዎማ ፀሐይ ላይ አይቆሙም። በጓሮ በር ላስገባዎት።"

"ኧረ ተይ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?" አሉ፤ እግራቸው ግን እየተከተላት ነበር።

ሐኪሙም ያስተማሩት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ግፊታቸውን ለካና ስለ ድሮው ትምህርት ቤት አንስተው ሲጫወቱ፣ ሲሳሳቁ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

በፊት ለፊቱ በር ሲወጡ ኮሪደሩ ጭጭ ብሏል። ከወረፋው መጀመሪያ ላይ የነበረች ሴት መሬት ተቀምጣ ልጇን ታቅፋለች። የልጅቷን ፊት በነጠላዋ ሸፍናዋለች። ከነጠላው ሥር የሚታየው ዩኒፎርም የእሳቸው ትምህርት ቤት ነው።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ማን እንደሆኑ አታውቅም።

"ትንፋሽ ሲያጥራት በሩን በርግጄ ልገባ ነበር" አለቻቸው። "እሷ ናት እጄን የያዘችኝ። 'እማ፣ ውስጥ ሰው አለ፤ ተራ መጋፋት ነውር ነው ብለውናል የግብረ ገብ መምህራችን' አለችኝ።"